ዘካችን ዶርም ድረስ ይድረስ



በየረመዷኑ በኮልፌ ቀራንዮ መስጊዶች የምናየው ልግስና አልሐምዱሊላህ የሚያስብል ነው። ከአጠና ተራ እስከ ቤተል፣ ከ18 ማዞሪያ እስከ አለም ባንክ ባሉት ሰፈሮች በመግሪብ ሰዓት ተምርና ሳምቡሳ ያልቀረበበት የመስጊድ ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ነጋዴው ሒሳቡን ዘግቶ ዘካውን ያወጣል። እናቶች ዱቄትና ዘይት በየቤቱ ያደርሳሉ። የቲሞችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች በመዝገብ ተይዘው ይታወሳሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ስሙ በመዝገቡ ላይ የማይገኝ አንድ ችግረኛ አለ። እሱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ነው።

ስሙ የማይገኘው ሰው ስለጨከነበት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ እንደ ተሻገረ ስለሚቆጠር ነው። ዶርም አለው፣ ካፌ ይበላል፣ መንግሥት ያስተምረዋል ይባላል። አባቱ ራሱ ለጎረቤት «የሱስ አለፈ፣ የታናናሾቹ ነው የቀረኝ» ብሎ ያወራል። ልጁም ይህን እየሰማ ቤት ደውሎ ገንዘብ መጠየቅ ያፍራል።

እዚህ ለመድረስ ያለፈበትን ወንፊት እናስታውስ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ሦስትና አምስት ማለት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ከሰፈራችን ወጥቶ ጅማ ወይም ወልቂጤ ከደረሰ በኋላ፣ በትራንስፖርትና በፎቶ ኮፒ ገንዘብ እጦት ትምህርቱን አቋርጦ ሲመለስ ዝም ማለታችን ምን ይባላል?

ወጪውም ትንሽ አይደለም። ከአየር ጤና መናኸሪያ የሚሳፈር ተማሪ ለመሄጃና ለመመለሻ ይከፍላል። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የሎከር ቁልፍ፣ ሳሙና ያስፈልገዋል። ሀንድአውት ኮፒ ማድረግ፣ ኢንተርኔት መሙላት አለበት። ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር የሚያጠና ከሆነ ያለ ላፕቶፕ አይሆንለትም። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ በየወሩ የምትገዛው የንጽህና መጠበቂያ አለ፤ ይህን ለአባቷ የምትናገር ልጅ ስንት ናት? በረመዷን ደግሞ የሱሑርና የኢፍጧር ነገር ይጨመራል። የካፌው ሰዓት ከጾመኛው ሰዓት ጋር በማይገጥምበት ግቢ ተማሪው ከኪሱ አውጥቶ ይበላል ወይም በዳቦና በውኃ ያድራል።

አሁን ብዙ ቤተሰብ ስለሚጠይቀን ጉዳይ እንናገር። እሱም ወጪ መጋራት ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ የተወሰነ ድርሻ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየቀነሰ ለመክፈል በየዓመቱ ውል ይፈርማል። ስለዚህ «በነጻ ይማራል» የሚለው አባባል ከመጀመሪያውም ልክ አይደለም፤ ልጁ ዕዳ ይዞ ነው የሚማረው። አንዳንድ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። «ልጄ ሪባ ውስጥ ገባ ወይ?» ብለው የሚመጡም አሉ።

ሪባ ማለት በዕዳ ላይ በጊዜ ምክንያት የሚጨመር ትርፍ ነው። የወጪ መጋራት ውል የሚጠይቀው የወጪውን ድርሻ እንጂ ዓመት በተቆጠረ ቁጥር የሚያድግ ወለድ አይደለም። እንዲህ ያለ ዕዳ ደይን ነው፤ ደይን ደግሞ በሸሪዓችን የተፈቀደና የሚጻፍ ነገር ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ አጻጻፍ የወረደ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ ተማሪው የሚፈርመውን ወረቀት ያንብብ፣ የያንዳንዱን ዓመት ቅጂ ይያዝ፣ ለቤተሰቡም ያሳይ። ብዙዎች ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ ከዚያ ሲመረቁ ዋናውን ዲግሪ ሊያወጡ ሄደው የድምሩን ልክ ያኔ ያዩታል። ቀድሞ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ መደረጉን በተመለከተ የጥንት ዑለማዎች ዕዳን ቀንሶ ቶሎ በመክፈል ላይ የተለያየ አቋም አላቸው፤ እዚህ አናስረዝመውም፣ የሚከፍል ሰው በአካባቢው ያለውን ዓሊም ይጠይቅ።

በግል ኮሌጅ ለሚማሩት ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ክፍያውን በየወሩ ወይም በየሴሚስተሩ ከፋፍሎ መክፈል ችግር የለበትም፤ ዋጋው ከታወቀ በዱቤ መግዛት ማለት ነው። በቀን በዘገየ ቁጥር የሚጨመር ቅጣት የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ ካለ ግን ያኔ ቆም ማለት ይገባል። አብዛኞቹ ዑለማዎች በዕዳ መዘግየት ላይ የሚጨመርን ገንዘብ ከሪባ ይቆጥሩታልና፣ ከመፈረም በፊት ኮሌጁን ማነጋገር ይሻላል። በተጨማሪ ኮሌጁም የሚያስተምረው ትምህርትም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን ሳያጣሩ አንድ ብር አይክፈሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በመንግሥት ድጋፍ የሚገቡና በራሳቸው ከፍለው የሚገቡ ተማሪዎች ስላሉት፣ ልጁ በየትኛው እንደተመደበ መጀመሪያ ይጣራ።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዘካ ይሰጣል ወይ?

በሱረቱ አት‐ተውባ 60ኛ አንቀጽ የዘካ ባለመብቶች ስምንት ክፍሎች መሆናቸው ተደንግጓል። ከነሱ ውስጥ ፈቂር፣ ሚስኪን፣ ባለ ዕዳና መንገደኛ ይገኛሉ። ችግረኛ ተማሪ ከነዚህ ውስጥ ለመግባት ልዩ ፈትዋ አያስፈልገውም፤ የሚበቃውን ካላገኘ ፈቂር ወይም ሚስኪን ነው፣ ከአገሩ ርቆ ስንቅ ካለቀበት መንገደኛ ነው። የሚነሳው ጥያቄ «ጉልበት ያለው ወጣት ነው፣ ሠርቶ አይበላም ወይ?» የሚል ነው። በአገራችን ብዙ ሙስሊም የሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ ታላቅ ዓሊም ኢማም አን‐ነወዊ ይህን ጉዳይ አንስተዋል። የሸሪዓ ዕውቀት በመፈለግ ላይ ያለ ሰው፣ ሥራ ልሥራ ቢል ትምህርቱ የሚቋረጥበት ከሆነ ዘካ ይፈቀድለታል የሚል ነው አቋማቸው። በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎች ሙስሊሙ ማኅበረሰብ የሚያስፈልገውን ሕክምና፣ ምህንድስናና የመሳሰለውን ዕውቀትም ከዚሁ ጋር አስልተዋል። እኛም ይህንኑ እንይዛለን። የሙስሊም ሐኪም፣ የሙስሊም ነርስ፣ የሙስሊም የሒሳብ ባለሙያ ማግኘት ፈርደ ኪፋያ ነው ብለን በኹጥባ ስንናገር ከርመን፣ ለሚማረው ልጅ ግን ዘካ አይገባውም ማለት ራሳችንን መቃረን ነው።

ሁለት ነገር ግን ይለይ። አባት የገዛ ልጁን ለማስተማር ዘካውን ማዋል አይችልም፤ እንዲቀልበው ግዴታ ያለበት ነውና። አጎት ለወንድሙ ልጅ፣ አክስት ለእህቷ ልጅ ግን መስጠት ይችላሉ፤ ለዘመድ የሚሰጥ ሰደቃ የዝምድና መቀጠልም ስለሆነ ምንዳው እጥፍ መሆኑ በሐዲስ መጥቷል። ሌላው፣ ችግረኛው ጎረቤታችን ክርስቲያን ሆኖ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ከዘካ ባይሆን ከሰደቃ እንሰጠዋለን። አብሮ በአንድ ግቢ ያደገን ልጅ በባዶ ኪሱ መሸኘት የሰፈራችን ልማድ አይደለም።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገርም አይደለም። በወሎ እንደ ዳናና ጃማ ንጉሥ ባሉ የዕውቀት ማዕከላት ኪታብ የሚቀሩ ደረሶች ስንቅ ከቤታቸው ይዘው የሚዘልቁ አልነበሩም፤ የአካባቢው ገበሬ ከምርቱ ያበላቸው ነበር። ከባሕር ማዶም በካይሮው አል‐አዝሀር ከኛ አካባቢ ለሚሄዱ ተማሪዎች የጀበርቲ ሪዋቅ የሚባል ማደሪያና መማሪያ ክፍል ነበራቸው፤ ተማሪዎቹም ባለ ሀብቶች ወቅፍ ካደረጉት ንብረት ይረዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 ያረፈው የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል‐ጀበርቲ የዚያ ሪዋቅ ሸይኾች ከነበሩ ቤተሰቦች የተገኘ ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ ከኛ ቀጠና በእግርና በመርከብ ሄደው፣ ሌላው ሙስሊም ወቅፍ ባደረገው ዳቦ ተምረው ነው ልጃቸው ለዓለም የሚጠቅም መጽሐፍ የጻፈው። ያኔ ተማሪን መርዳት ምጽዋት ተብሎ አይቆጠርም ነበር።

የተማሪው ኀፍረት ጉዳይ ከባድ ነው። በሱረቱል በቀራ 273ኛ አንቀጽ ላይ በአላህ መንገድ ተይዘው ለኑሮ መንቀሳቀስ ስላልቻሉ፣ ከመጨዋነታቸው የተነሳ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ስለሚያስባቸው፣ ሰውን በመወትወት ስለማይጠይቁ ድሆች ተነግሯል። ሙፈሲሮች ይህን ሲያብራሩ በነቢዩ ﷺ መስጊድ ይኖሩ የነበሩትን አህሉ‐ሱፋዎችን ያነሳሉ፤ እነሱም ተማሪዎች ነበሩ። ዛሬ ያ መጨዋ ድሀ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ደብተር ይዞ በአጠገባችን ያልፋል። እኛ ደግሞ የሚለምነውን ብቻ ለማየት ለምደናል።

ከዚህም የባሰ አለ። በአንዳንድ የኢፍጧር መርሐ ግብሮች ተረጂ ተማሪዎችን መድረክ ላይ አውጥቶ፣ ፖስታውን እያስያዙ ፎቶ ማንሳትና በቴሌግራም መልቀቅ እየተለመደ ነው። ሰጪዎቹ ሌላውን ለማነሳሳት ብለው ይሆናል፤ ኒያቸውን አላህ ያውቃል። ግን ያች ልጅ ነገ ክፍል ስትገባ ፎቶዋ በጓደኞቿ ስልክ ላይ አለ። ይህን አድራጎት በግልጽ እንቃወማለን። በሰጡት ሰደቃ ላይ መመጻደቅና ማስከፋት ምንዳውን እንደሚያጠፋ ቁርኣን ያስጠነቀቀው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ለልጆቻችንም የምንለው አለ። ችግርን ለሚመለከተው አካል በወረቀት ማመልከት ልመና አይደለም። ድጋፍ ያለበት ቦታ ሁሉ ቀን አለው፣ ቅጽ አለው፤ ቀኑ ካለፈ ሐቅም ቢሆን ያልፋል። ስለዚህ ማስረጃዎች አስቀድመው ይሰብሰቡ፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ትራንስክሪፕት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የቤተሰብን ገቢ የሚያሳይ ከወረዳ የተጻፈ ደብዳቤ። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ያለውን ምልልስ የሚያውቅ ሰው ይህን በመጨረሻው ሳምንት አይጀምርም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ደግሞ መጀመሪያ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ይሂድ፤ ለችግረኛ ተማሪ ያለ ድጋፍ ካለ የሚታወቀው እዚያ ነው። የካፌውን ምግብ ትቶ በገንዘብ መውሰድ የሚፈቀድ ከሆነ በረመዷን የትኛው እንደሚሻለው አስልቶ ይወስን። የግቢው ሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓም ከማንም በፊት የሚደርስለት ወንድም ነው። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ከወረዳና ከክፍለ ከተማ ጋር እየተነጋገሩ ለችግረኞች የነጻ ትምህርት ቦታ ይሰጣሉ፤ ይህን ከመስከረም በፊት መጠየቅ ነው።

አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ያሏችሁ ቤተሰቦች በተለይ ልብ በሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በሚያካሂደው የነጻ ትምህርት ፕሮግራም አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ልዩ ትኩረት ተሰጥቷቸዋል። ማየት የተሳነውን ልጅ ለሒፍዝ ብቻ የምንፈልገው ልማድ ይብቃ፤ ሒፍዙም ይኑረው፣ ዲግሪውም።

ወደ ውጭ የሚያስቡ ብዙ ናቸው። የቱርክ መንግሥት የሚሰጠው ቱርኪዬ ቡርስላሪ በቅርብ ዓመታት ማመልከቻ የሚቀበለው ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ባለው ጊዜ ነው። የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ወርሐዊ አበል፣ የጤና መድን፣ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትና የአውሮፕላን ቲኬት ይሸፍናል። ማመልከቻውም በነጻ ነው። ይህን ደግመን እንላለን፦ በነጻ ነው። «እኔ አስገባልሃለሁ» ብሎ ከወላጅ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ በሰፈራችን እንዳለ እንሰማለን። ልጁ በስልኩ ቁጭ ብሎ ራሱ የሚሞላውን ቅጽ ነው የሚሸጥላችሁ። የመዲናው ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲና አል‐አዝሀርም ለውጭ ተማሪዎች ነጻ ዕድል ይሰጣሉ፤ እዚያ የሚሄድ ግን ሲመለስ ዲግሪው በአገር ውስጥ አቻ ግምት እንደሚያስፈልገው ዐውቆ ይሂድ።

የኢስላሚክ ልማት ባንክ አሠራር ደግሞ ለኛ መስጊዶች ትምህርት የሚሆን ነው። ባንኩ አባል ባልሆኑ አገሮች ላሉ ሙስሊም ማኅበረሰቦች እ.ኤ.አ. በ1983 የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ጀምሯል፤ ኢትዮጵያም የባንኩ አባል አይደለችም። ለተማሪው የሚሰጠው ገንዘብ ቀርድ ሐሰን፣ ማለትም ወለድ የሌለው ብድር ነው። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ለባንኩ ሳይሆን ለወጣበት ማኅበረሰብ ነው፣ ሌላ ተማሪ እንዲማርበት። አንድ መስጊድ በጥቂት ነጋዴዎች ገንዘብ በዚህ መንገድ ቢጀምር ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ተመራቂ የሚቀጥለውን ያስተምራል። ዘካ ግን ለዚህ አይውልም። ዘካ ለተቀባዩ ሐቁ ነው፤ ተሰጥቶ የሚመለስ አይደለም። ለቀርዱ የሚሆነው ሰደቃና ወቅፍ ነው፤ ሁለቱ ሣጥኖች አይቀላቀሉ።

መስጊዶቻችን እንዴት ይስጡ ለሚለው፣ ትልቅ ነገር አያስፈልግም። የዘካ ኮሚቴው ከዓመታዊው ስርጭት ላይ ለሁለት ወይም ለሦስት ተማሪዎች ይለይ። በአንድ ቀን በፖስታ ጠቅልሎ ከመስጠት ይልቅ ከጥቅምት እስከ ሰኔ በየወሩ በባንክ ሒሳባቸው ይላክ፤ ከወለድ ነጻ ባንክ የሚጠቀም ተማሪም አሁን ብዙ ነው። ማን እንደተቀበለ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ብቻ ይወቁ፣ ሒሳቡ ግን ለጀመዓው በቁጥር ይነበብ። ገንዘቡ ለተማሪው በእጁ ይድረስ፤ አንዳንድ መዝሀቦች ተቀባዩ ዘካውን የራሱ ማድረጉን ቅድመ ሁኔታ ያደርጉታልና ለኮሌጁ በቀጥታ መክፈል ካስፈለገም በልጁ ፈቃድና ውክልና ይሁን። ምርጫው በውጤት ብቻ አይሁን። ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ራሱ በቂ ውጤት ነው፤ የሚታየው ችግሩ ነው። ሴት ልጅ ካመለከተች ደግሞ «ልታገባ ነው» የሚል ወሬ ተሰምቶ ፋይሏ ወደ ጎን እንዳይደረግ። የእህታችንን ሐቅ በወሬ መከልከል አንችልም።

አንድ የቀን ጥያቄ ይቀራል። ብዙ ነጋዴ ዘካውን የሚያወጣው በረመዷን ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣው ደግሞ በአዲስ ዓመት መግቢያ ላይ ነው። ዘካ ከተገባ በኋላ ያለ ምክንያት ማቆየት ስለማይገባ፣ የአሁኑን ገንዘብ ለመስከረም ብሎ በሣጥን መቆለፍ አይሻልም፤ አሁን ግቢ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች አሉ፣ ለነሱ ይውጣ። ለመስከረሙ ገቢዎች ግን ሌላ በር አለ። ኒሷቡ የሞላ ሰው ዓመቱ ሳይደርስ ዘካውን ቀድሞ መስጠቱን ሐነፊዎች፣ ሻፊዒዎችና ሐንበሊዎች ፈቅደዋል፤ ማሊኪዎች ናቸው ያጠበቁት። ስለዚህ የሚቀጥለውን ረመዷን ዘካ የተወሰነ ክፍል መስከረም ላይ አስቀድሞ የሚሰጥ ነጋዴ፣ በረመዷን ሲያሰላ ይቀንሰዋል። ይህን ማድረግ የሚፈልግ ኒያውን ይዞ ስሙን ከወዲሁ ለመስጊዱ የዘካ ኮሚቴ ያስመዝግብ፤ ኮሚቴዎችም የተማሪዎችን ማመልከቻ ከነሐሴ ጀምሮ ቢቀበሉ ውጤቱ በወጣ ሳምንት ልጁ የአውቶቡስ ቲኬቱን ይቆርጣል ኢንሻአላህ።